የሦስት ሳምንት ውሃ

«ጀሪካኑን አምጪው፣ ዛሬስ እኔ ልያዘው» አለ አባቷ ዳገቱ መሃል ቆም ብሎ። «ወር ሙሉ ተሸክመሽልኛል።»

ሳሌም ባዶውን ጀሪካን ሰጠችው። ፊቱን ማየት ግን አልቻለችም።

«ክኒኑንስ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

ለምን እንደፈለገው ታውቃለች። ምንጩ ጋ ደርሶ፣ ስዕለቱን አድርሶ፣ የቀረውን ክኒን እዚያው ሊጥለው ነው። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

አባቷ ቶማስ ሽሮ ሜዳ የታወቀ ሸማኔ ነው። ክረምቱን ግን ሲስል ነው የከረመው፣ ደም እስኪተፋ ድረስ። ቲቢ ነው ተባለ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ደራርቱ የስድስት ወር ክኒን ስታስጀምረው፣ «አደራ፣ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ እኛም እጅ ያጥረናል» ብላዋለች። ሳሌም አጠገቡ ነበረች። እናቷ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ከሱ ሌላ ማንም የላትም። ክኒኑ ደግሞ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው።

ለሱ ግን ያዳነው ምንጩ ነው። ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ መሃል የሚፈልቀውን ይህን ጸበል አባቱም አያቱም ጠጥተውታል። ሳሌም በየጠዋቱ ትቀዳለታለች፣ እሱ በባዶ ሆዱ ይጠጣል። ሳሉ ለቀቀው። በቃ፣ ዳንኩ አለ።

ጉዱ፣ ውሃው የምንጩ አለመሆኑ ነው።

አምስት ቀን በትክክል ቀድታለች። በስድስተኛው ቀን የወር አበባዋ መጣ። በወር አበባ ጸበል አይኬድም፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ለአባቷ ደግሞ እንዴት ብላ ትንገረው? እንዲህ ያለ ወሬ አውርተው አያውቁም። ጀሪካኑን ይዛ ወጣች፣ ከጓደኛዋ ከአይዳ ግቢ ቧንቧ ሞላችና ተመለሰች። እሺ፣ ያ ሳምንት ይሁን። ከዚያ በኋላስ ምን ሰበብ አላት? ፈተና ደረሰ፣ ዳገቱ ያደክማል፣ የአይዳ ቤት ቅርብ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሦስት ሳምንት ሞላ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሳሌም ግን እያደር ነው የከበደው።

«አባዬ፣ ክኒኑን እንዲያው ጨርሰው» አለችው አሁንም ከኋላው እየተከተለች። «ምን አለበት? ሦስት ወር እኮ ነው።»

«በሁለት ልብ አይጠጣም፣ ልጄ። ካመኑ ማመን ነው።»

ምንጩ ጋ ሲደርሱ እማሆይ ወለተ ማርያም፣ ለመጣው ሁሉ በጣሳ እየቀዱ የሚያጠጡት መነኩሲት፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ጠፋሽ እኮ። ምነው፣ በደህና ነው?»

አባቷ ሳቀ። «እማሆይ ደግሞ! በየቀኑ እየመጣች እንዴት ጠፋሽ ይሏታል? እኔን ያዳነችኝ እሷ አይደለች?»

እማሆይ መጀመሪያ ሳሌምን፣ ቀጥሎ ጀሪካኑን አዩ። ሳሌም አንገቷን ደፋች።

«እንግዲህ ዓይኔም ደክሟል» አሉ ቀስ ብለው። «መጥታ ይሆናል።»

የማርያም መንገድ ሰጧት። ዝም ካለች ማንም አያውቅባትም። አባቷ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፣ እየዘፈነ ይሸምናል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሳሉ ይመለሳል። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ ፈራች። ብትነግረው ደግሞ ሁለተኛ አያምናትም። ምነው እግሬን በሰበረው፣ አለች በልቧ።

«በይ አምጪው» አለ አባቷ እጁን ዘርግቶ።

ክኒኑን ከሹራብ ኪሷ አወጣች። ግን አልሰጠችውም።

«አባዬ፣ ስትጠጣ የነበረው የዚህን ምንጭ ውሃ አይደለም።»

«ምን?»

«የእነ አይዳ ቧንቧ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ። መጀመሪያ የወር አበባዬ መጥቶ ነው፣ ልነግርህ አፈርኩ። በኋላ ግን... በኋላ ሰንፌ ነው።»

አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ዕድሜ ልኩን መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩትን እጆቹን ያይ ጀመር።

«ለእኔ?» አለ በመጨረሻ። «ለእኔ ነው የሰነፍሽው ሳሌም?»

«አዎ» አለች እንባዋ እየወረደ።

እማሆይ ጣሳውን ሞሉና ለሳሌም አቀበሏት።

የዛሬውን ክኒን ከማሸጊያው ፈለቀቀች። በአንድ እጇ ክኒኑን፣ በሌላው ጣሳውን ይዛ አባቷ ፊት ቆመች። ቀና ብሎ አላያትም። ከኋላቸው የመጡት ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ክንዷ ዛለ፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ጫማዋን አራሰው። ሳሌም ግን እጇን አላጠፈችም፤ እስኪቀበላት ድረስ እዚያው ትቆማለች።