ድንጋዩ ላይ ያልነበረው ጫማ

የቦይ ጠራጊዎቹ አለቃ ሬሳ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ዋናው ቦይ ወደ ወንዙ በሚወጣበት የብረት ፍርግርግ ላይ ተለጥፎ ነው። ውሃው ጎትቶ ጎትቶ ሲያበቃ እዚያ ጥሎት ሄዷል። አንድ እጁ በፍርግርጉ መሃል አልፎ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። እግሩ ላይ የላስቲክ ቦቲ ነበር። በደረት ኪሱ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሳትሰበር ቀርታለች።

መርማሪው ከአውራጃው ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያዳምጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። የጣቢያው አዛዥ በር ላይ ተቀበለው።

«በከንቱ ደከሙ። ሰውየውን ይዘነዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ እንልከዋለን።»

«ማንን?»

«ባለመዘውሩን።»

የከተማው ዋና ቦይ ላዩ በድንጋይ ክዳን የተሸፈነ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ነው። ከቦዩ ራስ ላይ ኩሬ አለ። በየቅዳሜው ሦስት ሰዓት ላይ ባለመዘውሩ የብረት መዘውሩን ያዞራል፤ የኩሬው መዝጊያ ይነሣና ውሃው የሳምንቱን ደለል ጠርጎ ይወስዳል። ወደ ቦዩ የሚገባ ሠራተኛ የራሱን ጫማ አውልቆ ቦቲ ያጠልቅና ጫማውን ከመዘውሩ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይተዋል። ጫማ ካለ ሰው አለ። የሌላውን ጫማ ከዚያ ድንጋይ ላይ የሚያነሣ የለም፤ ይህን የሚያዝ ደንብ ማዘጋጃ ቤቱ አልጻፈም፣ ሠራተኞቹ ግን ሠላሳ ዓመት ኖረውበታል።

«ድንጋዩ ባዶ ነበር ይላል» አለ አዛዡ። «የሟቹን ጫማ ያገኘነው ግን ዕቃ ቤት፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንድ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ነው። ረስቶ ገባ እንዳንል፣ ይሄ ባለመዘውር ከሁለት ሳምንት በፊት ልጁን ሲቀብር ሟቹን በሰው ሁሉ ፊት ‹ልጄን የገደላት የአንተ ቦይ ነው፤ አንተንም ይብላህ› ብሎታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

በሁለት ወር ውስጥ ከታችኛው ሰፈር ሰባት ልጆች በተቅማጥና በትውከት ሞተዋል። የባለመዘውሩ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ባለመዘውሩ የእስር ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። መርማሪው ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

«ውሃውን የለቀቅኸው አንተ ነህ፣ ወንድሜ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደገባ አላወቅህም?»

«አውቄያለሁ እንጂ። ትናንት ማታ ቤቴ መጥቶ ነግሮኛል።» ድምፁ የሰለለ ነው። «ሳልፈልግ ነው በሩን የከፈትኩለት። ‹አንድ ሰው የመጸዳጃ ቱቦ ቦዬ ውስጥ ከቷል፤ ቦዩ ደግሞ ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓዳችሁ ያሰርጋል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ እፈልገዋለሁ፣ ሁለት ተኩል ሳይሞላ እወጣለሁ› አለኝ። ‹ልጅህን የገደለውን በጣቴ አሳይሃለሁ› አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ ምንም የለበትም። ዞሬ ደግሜ አየሁት። ወጥቷል አልኩ። ያ ድንጋይ ዋሽቶ አያውቅማ፣ ጌታዬ።»

መርማሪው ወደ አዛዡ ቢሮ ተመልሶ ጫማውን አስመጣ። ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው። ላዩ መድረቅ ጀምሯል። ጣቱን ወደ ውስጥ ሲሰድ ግን ውሃ ቋጥሮ አገኘው፤ ገበሩ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ሶሉ ላይ ነጭ ዱቄት ተለጥፏል። አሸተተውና ፊቱን ዘወር አደረገ።

«ዛሬ መቼ ነው የዘነበው?»

«ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጠብ አላለም። ምነው?»

«ሟቹ የገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለ መርማሪው።

የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ ጠርሙሷን ስታይ ወዲያው አወቀቻት። በእርሳስ «20 — ንጹህ» ተብሎ ተጽፎባታል።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ከመዘውሩ ጀምሮ በየሃያ እርምጃው እየቀዳ ሊያመጣልኝ ነበር። ሃያ ላይ ንጹህ ከሆነ ቱቦው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቦዩ በአዲሱ መንገድ ሥር ያልፋል።»

«መንገዱ መቼ ተመረቀ?»

«ሦስት ወር ሊሆነው ነው። የመንገዱን ንድፍ ስጪኝ ሲለኝ ወደ ኢንጂነሩ ላክሁት፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ።» ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሌላ ሰው ሳይነግርዎት እኔ ልንገርዎት። ባለፈው ወር ቦዩ ንጹህ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ወንበር ሳልነሣ! ሄጄ ማየት ነበረብኝ። እሱ እንዲያ ሲለኝ ተቆጥቼ ‹ሥራህን ሥራ› አልኩት። ግን ሰው አልገደልኩም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጤና ጣቢያ። ሁለት ልጆች ትናንት ማታ ገብተዋል።»

የመንገድ ክፍሉ ኢንጂነር ቢሮ ከመዘውሩ መቶ ሜትር አይርቅም፤ ሠራተኞቹ ጫማቸውን የሚተዉበት ድንጋይ ከመስኮቱ ይታያል። ግድግዳው ላይ ሪባን ሲቆረጥ የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል። ኢንጂነሩ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ እርሳሶቹን በቁመት ደርድሮ ተቀምጧል።

«ንድፉን ጠይቆኝ ነበር፤ ሰኞ ና አልኩት። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም።»

«ዛሬስ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ዝናቡ ሲያባራ ውሃ የተኛበት ቦታ እንዳለ ለማየት መንገዱን ዞር ዞር ብዬ ተመለስኩ።»

«ወደ ሠራተኞቹ ዕቃ ቤት ጎራ አላሉም?»

«እኔ?» ፈገግ አለ። «እዚያ ቤት ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። ሽታው ያጥወለውላል።»

«ልክ ነው፤ ይከብዳል» አለ መርማሪው። ኢንጂነሩ እርሳስ ለማቃናት እጁን ሲዘረጋ ከቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ አምስት ስድስት የወየቡ ነጠብጣቦች ታዩ፤ ቀለሙ የተበላ ይመስላል።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ወገባቸው ላይ ቁልፍ ስለማይጠፋ «ጋሼ ቁልፌ» ይባላሉ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዘዋል። መርማሪው ወደ ውስጥ ዘለቀ። የሠራተኞቹ የእንጨት ሳጥኖች በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል፤ በላያቸው የስም ዝርዝር ተለጥፏል። «ቁጥር 4 — የጠራጊዎች አለቃ» ይላል።

«ባለቤቱ ለቀብሩ ኮቱን ፈልጋለች፣ ጋሼ። ካለ ይስጡኝ።»

«ነፍሱን ይማረው። እልከኛ ነበር። አንድ ቦቲ ጠፋ ብዬ ወር ሙሉ አኩርፌዋለሁ፤ አሁን ማንን ላኩርፍ?» ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተነሡ፤ ዝርዝሩን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ሄደው ሰባተኛውን ሳጥን ከፈቱ። ኮቱ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

መርማሪው ዓይኑን ገለጠ።

«ዝርዝሩ አራት ነው የሚለው።»

«ዝርዝሩማ ስንቱን ይላል፣ ልጄ! እኔንም ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ አውጥቶኛል፤ ይኸው አለሁ። አራት ቁጥርን ልጆቹ መሞት የጀመሩ ሰሞን የጽዳት ኃላፊዋ ለክሎሪን ወሰደቻት። እሱ ወደ ሰባት ዞረ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ቦይ የሚገባ ሁሉ። ባለመዘውሩማ በየጠዋቱ ለጉድጓዱ ክሎሪን የሚወስደው ከአራት ነው። ዛሬም አንድ ሰዓት ላይ ወስዷል። ጎርፍን በማንኪያ ማለት ነው እንጂ ምን ሊፈይድ!»

«በሩ ሁልጊዜ እንዲህ ክፍት ነው?»

«ብዘጋውማ ክሎሪኑ እኔን ይጨርሰኛል። ሁለት ተኩል ላይ ሻይ ልጠጣ ስሄድም አልዘጋሁት። ምን ይሰረቃል? ሽታው?»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። የጽዳት ኃላፊዋ በሩ አጠገብ ቆመች፣ ኢንጂነሩ መሃረብ አፍንጫው ላይ ይዟል፣ ጋሼ ቁልፌ በርጩማቸውን ይዘው ገብተዋል። አዛዡ ባለመዘውሩን በካቴና አመጣው። መርማሪው የሟቹን ጫማ መሬት ላይ አኖረ።

«በዚህ ጫማ እንጀምር» አለ። «ሟቹ ረስቶ ጫማውን እዚህ ትቶ ቢሆን ኖሮ ዝናብ ባልነካው ነበር። ይህ ጫማ ግን ውሃ ቋጥሯል። እግር ላይ ያለ ጫማ በዝናብ ላዩ ይርሳል እንጂ እንዲህ አይሞላም። እሱ ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ቦቲ አጥልቆ ከገባ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ስለዚህ ሲዘንብ ጫማው አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ድንጋዩ ላይ ነበር። ሟቹ አልረሳም። ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ሌላ እጅ አንሥቶታል።»

«የዚህ ሰው እጅ ነዋ!» አለ አዛዡ።

«ቆይ። ያነሣው ሰው ለምን ወንዝ አልጣለውም? ለምን እዚህ ድረስ አመጣው? ሟቹ ረስቶ የገባ እንዲመስል ነው። እንዲያ እንዲመስል ደግሞ ጫማው የሟቹ ሳጥን ውስጥ መገኘት አለበት። የሟቹ ሳጥን የትኛው ነው፣ ጋሼ?»

«ሰባት።»

«ጫማውን ያገኛችሁት የትኛው ውስጥ ነው፣ አዛዥ?»

አዛዡ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ቀላ። «አራት። ዝርዝሩ...»

«ዝርዝሩን አንብበህ አራትን ከፈትህ። ገዳዩም እንዳንተው አነበበ። ባለመዘውሩ ቢሆን ዛሬ ጠዋት ክሎሪን ከወሰደበት ሳጥን ውስጥ ጫማ አይከትም፤ እዚያ ውስጥ ‹ሟቹ ረስቶት ነው› ብሎ የሚያምነው ሠራተኛ የለም። ጋሼ ቁልፌም ሰባትን ሳያዩ ነው የሚከፍቱት። አራትን ለክሎሪን የወሰዱት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ እመቤቴ። ሳጥኑን የሳተው እዚህ ቤት ዓመት ሙሉ ያልገባ፣ የሠራተኞቹን ኑሮ በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። መሃረቡን ከአፍንጫው አወረደ።

«በዚህ? ወረቀት በማንበቤ?»

«በወረቀቱ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ውስጡ ጨለማ ነው። ጫማው ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ እጅጌዎም ረጥቧል። ክሎሪን እርጥብ ጨርቅ ካገኘ ቀለም ይበላል። ዓመት ሙሉ ካልገቡ ቀኝ እጅጌዎን ምን ነካው?»

ኢንጂነሩ እጁን ወደ ኋላ ሊደብቅ ሲል አዛዡ ክንዱን ያዘው።

«ሟቹ ትናንት ለምን እንደሚገባ ነግሮዎታል» ሲል ቀጠለ መርማሪው። «ሃያ እርምጃ ላይ ንጹህ መሆኑን ጽፏል። የሳምንቱ ደለል ቢያዘገየውም፣ ጫማው ድንጋዩ ላይ እስካለ ውሃ አይለቀቅም ብሎ ፍለጋውን ቀጠለ። ቀጣዩን ጠርሙስ እንዲሞላ አልፈቀዱለትም። እርስዎ ምንም አልገፉም፣ ማንንም አልመቱም። አንድ ጥንድ ጫማ አነሡና የቀረውን ልጁን የቀበረ አባት በገዛ እጁ እንዲሠራው ተዉት።»

የኢንጂነሩ መሃረብ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ለጊዜው ነበር» አለ ኢንጂነሩ። «መንገዱን ስንቆፍር የሕዝብ መጸዳጃውን ቱቦ ቆረጥነው። በደንብ ለመቀጠል ሁለት ሳምንት ይፈልግ ነበር፤ የምረቃው ቀን ተቆርጧል። ወደ ቦዩ አስገባሁት። ለጊዜው። ከዚያ ልጆቹ... አንዴ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ምን ብዬ ላስቆፍረው? ምን ብዬ?»

«ሰባት ልጆች!» አሉ ጋሼ ቁልፌ። «ስንተኛው ላይ ነበር ልታስቆፍረው ያሰብከው?»

አዛዡ ካቴናውን ከባለመዘውሩ እጅ ፈታ። ባለመዘውሩ የእጁን አንጓ አላሻሸም፤ ወደ ኢንጂነሩ ሁለት እርምጃ ተራመደ። የጽዳት ኃላፊዋ ሊመታው ነው ብላ ወደ መሃላቸው ቀረበች።

«የት ነው?» አለው።

ኢንጂነሩ አቀረቀረ።

«ሰው አሁንም እየጠጣ ነው። ቱቦው የት ነው?»

«ከመዘውሩ ሠላሳ ሁለት እርምጃ። በግራ በኩል።»

የጽዳት ኃላፊዋ ሮጣ ጉድጓዱን ልታዘጋ ሄደች። ባለመዘውሩ ከግድግዳው ዶማ አነሣ። ሌሎቹ ጠራጊዎችም ተጠርተው መጡ፤ የተመረቀው መንገድ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽታው ቀድሞ ወጣ፣ ከዚያ ቱቦው ታየ። በሲሚንቶና በከረጢት ደፈኑት።

ባለመዘውሩ ዶማውን ጥሎ በጭቃው እንደተለወሰ የሟቹን ኮት ከመርማሪው ተቀበለ።

«እኔ ልውሰደው» አለ።

«ነፃ ነህ እኮ፤ ሌላ ሰው መላክ እንችላለን።»

«ሌላ ሰው አይደለም መዘውሩን ያዞረው።»

የሟቹ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ እጁን ለማንኳኳት አነሣና መልሶ አወረደው። ከውስጥ ኮቴ ሰምታ ኖሮ ሚስቲቱ ራሷ በሩን ከፈተች። ኮቱን አየች፤ ከዚያ እጁን፣ ጭቃውን፣ ፊቱን አየች።

«እኔ ነኝ የለቀቅሁበት» አላት።

«ነግረውኛል።»

«ጫማው አልነበረም። ሁለት ጊዜ አየሁ፣ እህቴ። ሁለት ጊዜ።»

ሴትየዋ በለቅሶ ያበጠ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።

«ቱቦውን አገኛችሁት?»

«አገኘነው።»

«እሱ እንዳለው ነበር?»

«እንዳለው ነው።»

ኮቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ከበሩ ገለል አለችና፣ ድምፅዋ ሳይለዝብ፣ «ግባ» አለችው።