በቅጹ ላይ የተጻፈው ባል

አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከዋናው ከተማ ርቀው ለሚሠሩ ባለሙያዎች መንግሥት ያስገነባቸው የመሥሪያ ሼዶች ቁልፍ የሚታደልበት ቀን ነበር። ሶፋ ሰፊዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሐል አጣብቃ ተራዋን ትጠብቃለች። አናጢው ከጎኗ ነው።

የተገናኙት ከስምንት ወር በፊት ሼዶቹን በሚያድለው ጽሕፈት ቤት፣ ሰልፍ ላይ ነበር። እሷ የሶፋ ልብስ ትሰፋለች፤ እሱ የሶፋ እንጨት ይሠራል። ሰልፉ ንቅንቅ አልል ሲል ዞር ብሎ፣ «አንድ ወንበር ይዤ ብመጣ ምን ነበረበት?» አላት።

«ሳይለብስ? እኔማ ባዶ እንጨት ላይ አልቀመጥም» አለችው።

ሳቁ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ለብቻው ከሚያመለክት ይልቅ ተጣምሮ ለሚመጣ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተነገራቸው። ተያዩ። ሙያቸው እንደ መርፌና ክር ነውና አብረው ለማመልከት ተስማሙ።

ለአመልካቾች የሚሰጠውን ስልጠና አብረው ጨረሱ። እሱ የሚሠራውን እየነደፈ ቤቷ ድረስ ያመጣል፤ እሷ ጨርቅ ትመርጣለች። አንዳንዴ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው ይቆያሉ፤ ቀድሞ ቀና የሚል አይገኝም። ፍቅር የሚለውን ቃል አንዳቸውም ከአፋቸው አላወጡትም።

የማመልከቻ ቅጹን የሞላላቸው አባቷ ነበር። የእሷ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው፤ አባትየው ግን ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ሞልቶም ራሱ አስገባላቸው።

«ሼድ ቁጥር ሰባት!» አለች የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በድምፅ ማጉያው። «በሶፋ ሥራ የተሠማሩት ባልና ሚስት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰፊዋም አብራ አጨበጨበች፤ የትኞቹ ይሆኑ ብላም ዞር ዞር አለች። ከዚያ የራሷን ስም ሰማች። ቀጥሎ የእሱን።

እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። ከኋላዋ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ትከሻዋን መታ አደረገቻትና፣ «አንቺ ጉደኛ! ደግሰሽ ሳትጠሪኝ?» አለቻት።

አናጢው ወጥቶ ቁልፉንና የቅጹን ግልባጭ ሲቀበል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ግቢው ውስጥ ደረሰችበት።

አባቷ እንዲህ ያለ ውሸት ከራሱ እንደማይጽፍ ታውቃለች፤ ያጻፈው እሱ መሆን አለበት። «ባልና ሚስት?» አለችው። «ለአንድ ሼድ ብለህ?»

አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ዓይኑ ግልባጩ ላይ ወደቀ፤ ጽሑፉን አየና እዚያው ተተክሎ ቀረ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈው።

«እኔ…» አለ፤ ተወውም።

ወረቀቱን ማጠፉ የጥፋተኛ ሥራ መሰላት። «ሚስት በቅጽ አትገኝም!» አለችውና ጥላው ሄደች።

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ራዲዮ እያዳመጠ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሳትተነፍስ ዘረገፈችለት። እጁን ሰዶ ራዲዮውን ዘጋ።

«እሱን አትውቀሺው» አለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ጣሪያው ቢናድባት እንዲህ ባልደነገጠች። ይህ ሰው እኮ ሁለት ማርክ በስህተት ተጨምሮልሻል ብሎ በዝናብ ወደ አስተማሪዋ የመለሳት አባቷ ነው!

«አባዬ፣ አንተ?»

«ዝምድና የሚል ክፍት ቦታ ነበረው» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «እንዴት እንደምትተያዩ አያለሁ። ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል ስል ወራት አለፉ። ለቤተሰብ የበለጠ ቅድሚያ አለ ሲሉኝ እጄ ቀደመኝ። እኔ ሳልፍ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

አባቷ ሲያፍር አይታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስህተቱን ልታርም ጽሕፈት ቤት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ አናጢው ውስጥ ቆሟል። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ድገምልኝ» ትላለች ኃላፊዋ፤ «ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። እሷም አባቷም የሚያውቁት ነገር የለም።»

ሰፊዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ፣ «ውሸቱን ነው!» የሚል ጩኸት አመለጣት። «አባቴ ነው የጻፈው። እሱ አያውቅም!»

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ተራ በተራ አየቻቸው።

«እዚህ ስሠራ ቁልፍ ስጡኝ እንጂ ቁልፍ ውሰዱልኝ የሚል ገጥሞኝ አያውቅም። አሁን ደግሞ ጥፋት የሚሻሙ መጡብኝ!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሼዱ ለተከታዩ ይሰጣል። እናንተ በሚቀጥለው ዙር አመልክቱ። አባትሽም ይምጡና የጻፉትን በገዛ እጃቸው ያርሙት» አለች።

ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ለምን ዋሸህ?» አለችው።

«የአባትሽን ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ስማቸው በክፉ እንዲነሣ አልፈለግሁም።»

«ያንን ሁሉ ስናገርህስ?»

«አመመኝ። ከሱ የባሰ ያመመኝ ግን ሌላ ነው።»

«ምን?»

አናጢው ጫማውን አየ። «ባልና ሚስት ሲሉን… ውሸት መሆኑ።»

ሰፊዋ የደረጃውን ብረት ያዘች። ከትናንት ጀምሮ የመጣባት ድንጋጤ ሁሉ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

«ታዲያ እውነት ለማድረግ የማንን ፈቃድ ትጠብቃለህ?» አለችው።

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም ነበርና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሰው እያያቸው እጁን ያዘችው።

በዓመቱ ተጋቡ። ሼድ እስኪያገኙ ሌላ ክረምት አለፈባቸው። እስከዚያው በአናጢው ጠባብ ቤት ሳሎን ውስጥ ሠሩ። የሳሎኑ ጣሪያ ያፈሳልና ዝናብ ሲመጣ ሶፋዎቹን እየገፉ መኝታ ቤት ያስገባሉ፤ አልጋው ሶፋ አላስቀምጥ ቢላቸው አልጋውን ወደሚያፈሰው ሳሎን አወጡት።