ኮሸሽላው አይቃጠልም

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ፣ የምሳ ሰዓት፣ ስድስት ተኩል ገደማ።

የምሠራው የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ተክሉን በጋዜጣ መሃል አስገብተን፣ ክብደት ጭነንበት እናደርቅና ወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፈን ቁም ሳጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን።

አንዱ ቁም ሳጥን የታላቅ እህቴ ነው። ውስጡ ያለው እሷ የሰበሰበችው የተራራ ኮሸሽላ ብቻ ነው። ያንን እሾህ ስትለቅም ከገደል ወድቃ ቀረች... አስከሬኗም አልተገኘም።

ተራራውም በኋላ ለድንጋይ ተፈልጦ አለቀ። ኮሸሽላው የቀረው እኛ ጋ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን አለቃችን ባዶ ካርቶን ይዘው ገቡና የእህቴን ቁም ሳጥን ከፈቱ።

"ይሄ ሻግቷል። ይቃጠላል።"

"አልሻገተም። ትንሽ ረጥቦ ነው።"

"የደረቀ ነገር ደግሞ በምን ይረጥባል?"

እውነታቸውን ነው፤ ወረቀቱ ከሰሞኑ መርጠብ ጀምሮ ነበር። ቡኒ የነበረው አበባም ወይን ጠጅ እየሆነ መጥቷል። አበደች እንዳይሉኝ ግን ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ቁም ሳጥኑ ፊት ቆምኩ።

"መጀመሪያ እኔን ያቃጥሉኝ።"

"ልጄ፣ ዞር በይ። ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ።"

"ሐዘኔን ለኔ ይተዉልኝ።"

ገፋ አድርገውኝ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

ቀዝቃዛ የተራራ ነፋስ ፊቴን መታኝ... ከቁም ሳጥኑ ውስጥ።

አለቃችን ቀጥ አሉ።

"ማነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"እጄን... የያዘኝ ማነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወረቀት ብቻ።

እጃቸው ግን ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው... እስከ ክርናቸው... እስከ ትከሻቸው።

ቁም ሳጥኑ እኮ ያን ያህል ጥልቀት የለውም!

እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

"አላቃጥልም ይበሉ!"

"ልጄ..."

"ይበሉ!"

"አላቃጥልም... አላቃጥልም!"

ለቀቃቸው።

ጣቶቻቸው በእሾህ ተበሳስተዋል፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። ዞር ብለው ሳያዩኝ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ረግጠውት አያውቁም።

እኔስ? ፈራሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን የቁም ሳጥኑን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

"እህቴ፣ አንቺ ከሆንሽ፣ እሰየው። ሌላ ነገር ከሆንክም ስማኝ፤ ከዚህ ንቅል አልልም!"

ወደ ውስጥ አየሁ።

የላይኛው ወረቀት ላይ በረዶ ነበር... ጥቂት ጠጠር። በዚያ ሙቀትም አልቀለጠም።

በበረዶው መሃል፣ አበባው ላይ፣ አንዲት ሕያው ንብ ቀስ እያለች ትሄድ ነበር።