የጠራው ስክሪን

አዛውንቱ አራሚ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ነው የሞቱት። ግንባራቸው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፏል፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ሻይ ፔርሙሱ ተዘርግቷል። ከፔርሙሱ አጠገብ ባዶ የእንቅልፍ መድኃኒት ጠርሙስ ቆሟል። ፊት ለፊታቸው ጠፍጣፋው ስክሪን እንደበራ አድሯል።

መርማሪዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምድር ቤት ያለው የማተሚያ መኪና አልቆመም። መስኮቱ ይንቀጫቀጫል፤ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ይንጫጫል። እሷም መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እሾህ ላይ የተወለደች» ይሏታል። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ፔርሙሱን ከፍታ አየች፤ ታችኛው ዝቃጭ ነጭ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። ፊደሎቹ የጉንዳን ሰልፍ መሰሏት። መነጽሯን ቤት ረስታ ወጥታለች።

«አንብብልኝ» አለችው በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ።

«‹የሽሮፑን ልክ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። የልጁ ነገር አላስችል አለኝ። ማንንም አትጠይቁ። ይቅር በሉኝ።› ይላል።»

ነገሩ አገር ያወቀው ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከልጆች የትኩሳት ሽሮፕ ጋር የሚሰጥ ወረቀት አትሟል። ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር መባል የነበረበት ሃያ አምስት ተብሎ ወጣ። የአራት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ገብቶ በመከራ ተረፈ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤና ቢሮ ሰዎች ልኮ ስህተቱ የማን እንደሆነ ሊጠይቅ ነው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ኑዛዜ ትተዋል አሉ።»

«ጽሑፍ አለ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? እስከ ቀትር መዝገቡን ዝጊው።»

የሟች ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። አላለቀሰችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ነጥብ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው» አለች። «መሞቱን እችለዋለሁ። ልጅ የመረዘ ተብሎ መቀበሩን ግን አልችልም። እባክዎ እትዬ።»

መርማሪዋ አልፋት ሄደች። ተስፋ መስጠት አትወድም።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ወፍራም፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው።

«መኪናውን አያስቆሙትም?» አለችው።

«ለነገ የሚደርስ ሥራ አለ።»

«ወንድምዎ ሞተዋል።»

«አውቃለሁ! ቆሜ ብጠብቀው ይነሳል?» ካለ በኋላ በመሐረቡ ፊቱን ሸፈነ። «ወንድምጋሼ ዐይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። ለኦፕራሲዮን ተራ እየጠበቀ ነበር። አሳርፈው ብባል እምቢ አልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«ያረሙት ወረቀት የት አለ?»

«ፋይሉ ውስጥ መሆን ነበረበት። የለም።»

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?»

«እኔ፣ እንዲሁም ሚሊሜትርና ዶክተር ገመድ የምንላቸው ሁለቱ ሠራተኞች።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፦ «ዶክተር ገመድ ሰኞ ዕለት ከወንድምጋሼ ጋር ሲጯጯሁ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል።»

ሚሊሜትር ገጽ አቀናባሪው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አርባ አምስት የሚሆነው ቀጭን ሰው። ሃያ ዓመት አንድ መስመር አልተዛነፈበትም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እያወራ የጠረጴዛውን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ ያጋጥማል።

«ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስወጣ ደህና ነበሩ» አለ። «ስክሪናቸው ላይ አፍጥጠው ሻይ ይጠጣሉ። ያው ጭጋጋቸው ላይ።»

«የምን ጭጋግ?»

«ፊደሉ ያበጠ፣ ብዥ ያለ። እኔ ሁለት ደቂቃ ካየሁት ራሴን ይፈልጠኛል።»

«ከዚያ ተመልሰው መጥተዋል?»

«አልመጣሁም። ያንን ኮምፒውተር ነክቼውም አላውቅ።»

«ስህተቱ የማን ይመስልዎታል?»

ሚሊሜትር ወረቀቶቹን ትቶ ቀና አለ። «እሳቸው ራሳቸው ጽፈውታል አይደል እንዴ? በሞተ ሰው ላይ ምን ልጨምር?»

መርማሪዋ ወጣች፤ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ጭጋግ የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቷል። እሷ ያየችው ስክሪን ጭጋግ አልነበረበትም።

ዶክተር ገመድ የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። ኪሱ ሁሉ ገመድ ነው።

«ማነው ዶክተር ያደረገህ?» አለችው።

«በሽተኞቼ። ከአሥር ኮምፒውተር ዘጠኙ ገመዱን ስነቀንቅለት ይድናል። አሥረኛውን አጥፍቼ አበራዋለሁ።»

«ሰኞ ከጋሼ ጋር ምን አጯጯኸህ?»

ሳቁ ቀነሰ። «ይኸው ስክሪን ነዋ። ብዥ አለ ብሎ ሚሊሜትር ነገረኝ፤ መጣሁ። ብዥታ እንደ ሆድ ቁርጠት ነው፤ መንስኤው ብዙ ነው። ገመዱ ከላላ ፊደሉ ጥላ ይኖረዋል፤ አየሁት፣ ጥብቅ ነው። መስታወቱ ከቆሸሸ ብዥታው እዚያው እድፉ ላይ ነው፤ ጠረግሁት። የቀረው የነጥቡ ልክ ነው።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ጠፍጣፋ ስክሪን ነጥቦቹ ተቆጥረው የተተከሉ ናቸው። በቁጥሩ ልክ ካሠሩት ጥርት ይላል። ቁጥሩን ካሳነሱት አንዱን ነጥብ በአንድ ተኩል ላይ ሊዘረጋው ይሞክራል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ጠርዙ ግን ይጎፍራል። ጋሼ ራሳቸው አሳንሰውት ኖሯል። እኔ ደግሞ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ልኩ መለስኩት። ጮሁብኝ!»

«ምን ብለው?»

«‹አንተ ልጅ፣ ጥራቱን ለራስህ ያዘው! ጥርት ካለ ትንሽ ፊደል ብዥ ያለ ትልቅ ይሻለኛል› ብለው። የሚሠሩበት ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ ሌላ ማተለቂያ እሺ አይልም። እንዳሉት አደረግሁላቸው። ታረቅን። ለሚሊሜትር ግን አልነገርኩትም፤ አሁንም ስክሪኑ የታመመ ይመስለዋል።»

መርማሪዋ ክንዱን ይዛ ወደ ሟች ክፍል ወሰደችው። ሬሳው ተወስዷል። «አሁንስ እንዴት ነው?»

ዶክተር ገመድ አየ። ቀልድ አጣ። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ታች ዝቅ አደረገው። ከኋላ ያሉት የፋይሎቹ ትንንሽ ምልክቶች ብርድ እንደመታው ሰው ወደ ግራ ጥግ ተጠጋግተዋል፤ የስክሪኑ ቀኝ ወገን ባዶ ነው።

«ልኩ ላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ ምልክቶቹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ደርድረዋቸው ነበር። ዕቃው በነበረበት ቤቱ ብቻ ሰፋ ማለት ነው። እትዬ፣ እኔ አልነካሁትም። በእናቴ።»

«እናትህን ተዋት። እንደነበረ መልሰህ አሳንሰው። ከዚህ ወዲያ ትንፍሽ እንዳትል።»

አለቃዋ እንደገና ደወለ፤ አላነሳችም። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የሟች ልጅ ከኋላዋ እየተራመደች «ዘጉት?» አለቻት።

«መዝጊያው እጄ ላይ ነው። ነይ ግቢ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ስክሪኑን አሳየቻቸው።

«መዝገቡን ልዘጋ ነው። ትናንት ማታ የት እንደነበራችሁ አንዳንድ መስመር ጻፉልኝ። እዚሁ ላይ።»

ባለቤቱ ተቀመጠ። በአንድ ጣቱ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ፊደል በፊደል ለቀመ። «ይሄ ነገር ብዥ ብሏል ወይስ እኔም እንደ ወንድሜ ልሆን ነው?» እያለ ያጉረመርማል። ጨርሶ ተነሳ።

ዶክተር ገመድ ስክሪኑን እንዳለ ትቶ ጻፈ፤ ቀና ብሎም አላያትም።

ሚሊሜትር ተቀመጠ። ኪቦርዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ። ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ እንደ መረረው ሰው ተጨማደደ። ቀኝ እጁ ወደ ማውሱ ሄደ፤ ጫን፣ ጫን፣ ጫን። ስክሪኑ ለአንድ አፍታ ጨለመና ጥርት ብሎ በራ። ከዚያ ጻፈ፦ «አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። አልተመለስኩም።»

መርማሪዋ ወደ ወንበሩ ተጠጋች።

«ምን አደረጉ?» አለች መርማሪዋ።

«ጻፍኩ።»

«ከመጻፍዎ በፊት።»

«ምንም።» እየዋሸ አልነበረም። አላወቀውም።

መርማሪዋ መንጎራደድ ጀመረች።

«ስሙኝ። ፔርሙሱ ታች ነጭ ዝቃጭ አለ። ለመሞት የቆረጠ ሰው መድኃኒቱን ይውጣል እንጂ ፈጭቶ ሻይ ውስጥ አይደብቅም፤ ከማን ይደብቃል? ይኼ አንድ። ጠዋት ጽሑፉን ላነበው አልቻልኩም። እኔ መነጽር የረሳሁ ሴት ነኝ፤ እሳቸው ሞራ የጋረዳቸው ሰው ናቸው። እኔ ማንበብ ያቃተኝን እሳቸው እንዴት ጻፉት? አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስክሪናቸው ጭጋግ እንደነበረ እርስዎ፣ ሚሊሜትር፣ ራስዎ ነገሩኝ። ሲገኙ ጠርቷል። ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ አጥርቶታል፤ ያጠራውም ሰው ነው ኑዛዜውን የጻፈው።»

«ማጥራትማ የእሱ ሥራ ነው!» አለ ባለቤቱ ወደ ዶክተር ገመድ እየጠቆመ።

«ስለዚህ ነው እሱ ያልሆነው። ጭጋጉ ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ቤት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ በጩኸት ተምሮታል። የእሳቸውን እጅ አስመስሎ የሚጽፍ ቢሆን ከሁሉ በፊት ጭጋጉን ይተዋል። እርስዎ ደግሞ ብዥታው የስክሪኑ ይሁን የዐይንዎ እንኳን አልለዩም።» ሚሊሜትር ፊት ቆመች። «አንድ ሰው ቀረ። ጭጋጉ በሽታ የሚመስለው፣ እያየ ዝም ማለት የማይችል። ነክቼው አላውቅም አሉኝ። ግን ደግሞ መንገዱን ሳይፈልጉ፣ በሦስት ጊዜ ጫን አገኙት። አመል ያወጣል ከመሐል። እጅዎ ከእርስዎ ቀደመ።»

ሚሊሜትር እጁን አየው። የሌላ ሰው እጅ ጠረጴዛው ላይ እንደተረሳ ዓይነት አየው።

«ጋሼ እስከ ዛሬ ጠዋት ጊዜ ሰጥተውኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹ራስህ ተናገር፣ እኔ አብሬህ እቆማለሁ› አሉኝ። እሳቸው ነጥቡን አርመው ሰጥተውኛል። መስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ስለነበር እሱን ሳቃና... ነጥቧን ረሳኋት። ሃያ ዓመት! አንድ ነጥብ! ስወጣ መድኃኒቱን ሻያቸው ውስጥ ጨመርኩት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሼ ጻፍኩ።»

«ያረሙትን ገጽ የት አደረስከው?» አለች የሟች ልጅ።

«ልቀደው ብዬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ካለው መስታወት ሥር ነው።»

ባለቤቱ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ደረጃው በእግሩ ድምፅ ተናጋ። ጥቂት ቆይቶ መኪናው እያቃሰተ፣ እያዘገመ ቆመ። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ዝም አለ።

ፖሊሱ ገጹን አመጣ። እጥፋት የለውም። በቀይ እርሳስ፣ በሁለትና በአምስት መካከል፣ አንድ ነጥብ ተቀምጣለች፤ ዐይኑ የደከመ ሰው፣ የሚያያት እንዳይስታት ብሎ ደጋግሞ ያደመቃት፣ ምስር የምታህል ነጥብ። ከጎኗ የአባትየው ፊርማ።

ልጅቱ ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳረፈች፤ ያን ጊዜ አለቀሰች።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። «ዘጋሽው?» አለ አለቃዋ።

«አዎ። ጤና ቢሮዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ሲመጡ የሟች ልጅ የምታሳያቸው ወረቀት አላት።»

«የቱን ወረቀት? አንብቢልኝ እስቲ።»

መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወረቀቱን ልጅቱ እንደያዘችው አየችው።

«ሁለት ነጥብ አምስት» አለች። ያለ መነጽር ይነበብ ነበር።