የተወለወለው አክስል

እስቲ መልሱ፦ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር የሚጣልን አክስል በጨርቅ አሳምሮ የሚወለውል መካኒክ በዕድሜያችሁ አይታችኋል?

መርማሪዋም አላየችም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ በጠበበ ቀዳዳ ሁሉ ትገባለችና። ጋራዡ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ቀዩ የውድድር መኪና የፊት ቀኝ ጎማው ወልቆ፣ ክሪኩ ወድቆ፣ በአፍንጫው ተደፍቷል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ መሣሪያው በዙሪያቸው እንደተበተነ ነው። አጠገባቸው አሮጌው አክስል፣ ከካምቢዮ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ተጋድሟል። የመገጣጠሚያው ላስቲክ ተተርትሯል፤ በአንዱ ጫፉ ላይ ከአሸዋ ጋር የተለወሰ ጥቁር ግሪስ ተጋግሯል። ሌላው ጫፉ ግን ያበራል። ተወልውሏል።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ይላቸው ነበር። መኪና ሳይፈቱ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ሕመሙን ስለሚናገሩ የወጣላቸው ስም ነው።

በጋራዡ በር ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል። የውድድር ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ያወጡት መግለጫ ነው፦ «መካኒኩ መኪናውን በብረት መደገፊያ ሳያስደግፍ ከሥሩ በመግባቱ፣ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ሕይወቱ አልፏል።»

የሟቹ ልጅ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ከሥራ ሮጣ መጥታ ወረቀቱ ሥር ቆማለች። አታለቅስም።

«አባቴ ያለ መደገፊያ እጁን እንኳ ወደ ሥር አይሰድም» አለች። «ሰውዬውን ቀበሩት እሺ፤ ስሙንም ይቅበሩት?»

«ገና ማንም አልተቀበረም እህቴ» አለቻት መርማሪዋ፤ ተንበርክካም የሽማግሌውን ራስ በቀስታ ቀና አደረገች። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ከሥሩ ያለው ወለል ግን ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ ደም የለበትም።

ቀጥላ ጎማው የወለቀበትን ቦታ አየች። አዲሱ አክስል ገብቷል። ጫፉን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ጠብቋል፤ እንዳይፈታም ከንፈሩ በመሮ ተመትቶ ወደ አክስሉ ቦይ ታጥፏል።

መጀመሪያ የጠራችው የሟቹን የእህት ልጅ ነው፤ በጋራዡ ከአጎቱ ጋር የሚሠራ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው።

«መኪናው ምን ሆኖ ነው የመጣው?»

«ሲታጠፍ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እኔ ኩሽኔታው ነው ብዬ ነበር። አጎቴ ግቢ ውስጥ ወደ ግራ አዙሮት ሰማና ‹የኔ ልጅ፣ ወደ ግራ ሲዞር ሸክሙ የቀኙ ነው፤ የሚጮኸውም ሸክም የበዛበት ነው። የቀኙን አክስል አውጣ› አለኝ። አወጣሁት፤ እውነትም የመገጣጠሚያው ኳሶች አልቀዋል።»

«አዲሱን አስገብታችሁ ጨረሳችሁ?»

«ጨርሰን ነው ለምሳ የወጣሁት። ለምን እንደገና እንደከፈተው አልገባኝም።»

«ትልቁን ዳዶ መቼ ነው የምታጠብቁት?»

«በመጨረሻ። ጎማው ገብቶ፣ መኪናው መሬት ወርዶ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይረግጣል፤ አጎቴ በጎማው መሃል ባለው ቀዳዳ በረጅም ቁልፍ ይጠመዝዘዋል። በዚያው ቀዳዳ ከንፈሩን ይመታዋል። በአየር ላይ ሳለ ማጥበቅ የሚሮጥ ዶሮ ላባ መንጨት ነው ይል ነበር።» ሳቅ መጣበት፤ ወዲያው አጎቱን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁለተኛው የመኪናው ባለቤት፣ «ጥይቱ» የሚሉት ሾፌር ነበር።

«ፍሬኑን የረገጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከዚያ ግቢውን አንዴ ዞርኩት፤ ድምፅ የለም። አቁሜው ወጣሁ።»

«ጋሽ ጆሮ ስለ አሮጌው አክስል ምን አሉህ?»

ጥይቱ ከንፈሩን ነከሰ። «አርጅቷል አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ሌላ ምንም።»

ሦስተኛው የማኅበሩ ቴክኒክ ኃላፊ፣ ኢንጂነሩ ነበር። የውድድር መኪኖችን መርምሮ «ሕጋዊ ነው» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። ነጭ ሸሚዙ ንጹሕ፣ እጁ ንጹሕ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የግራ እጅጌውን ደጋግሞ ወደ አንጓው ይጎትታል።

«ለቅድመ ውድድር ፍተሻ ስመጣ ሞቶ አገኘሁት» አለ። «አክስሉን በማስገባት ላይ ሳለ ነው የወደቀበት። ጎማው እንደወለቀ እኮ ነው! ለፕሬዚዳንቱም ወዲያው ደወልኩ።»

«የእህት ልጁ ሥራው አልቆ ነበር ይላል።»

«ምን ይበል ታዲያ? ሽማግሌውን ሥራ መሃል ጥዬ ምሳ ሄድኩ ይበል? ጋራዡንስ ማን የሚወርሰው መሰለሽ? እህት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ።»

«ኩበት ለቀማ አላውቅበትም። አንድ ነገር ነክተዋል?»

«ምንም አልነካሁም፤ መኪናውንም ሬሳውንም።»

እጅጌውን እንደገና ጎተተ።

መርማሪዋ ሁሉንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰበች። ፕሬዚዳንቱም በሱፍ ልብሳቸው መጡ፤ ጫማቸው ዘይት እንዳይነካ እየመረጡ ይረግጣሉ። የሟቹ ልጅ ከበሩ ላይ የገነጠለችውን መግለጫ ይዛለች።

«ጋሽ ጆሮ በመኪና አልሞቱም» አለች መርማሪዋ። «ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነው፤ ከማጅራታቸው ሥር ያለው ወለል ግን ደረቅ ነው። ሌላ ቦታ ተመትተው ነው እዚህ የተጎተቱት። በምን ተመቱ? ይኸው በዚህ አክስል። አንዱ ጫፉ እንዳለ በግሪስ ተለውሷል፤ ሌላው ተወልውሏል። ለሚጣል ብረት ማን ይደክምለታል? ደም ያለበት ሰው ብቻ።»

«ታዲያ ለምን ይዞት አልሄደም?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«አሮጌ አክስል ከሌለ ሥራው ተጀምሯል ብሎ ማን ያምናል? ትርዒቱ ያለ እሱ አይሞላም። ገዳዩ መኪናውን በክሪክ አነሣው፤ ጎማውን ፈታ፤ ሽማግሌውን ወደ ሥር ሳበ፤ ከዚያ ለቀቀባቸው። ሥራ መሃል የሞቱ እንዲመስል። እዚህ ላይ ግን ተሳሳተ።» ጣቷን ወደ ትልቁ ዳዶ ቀሰረች። «ይህ ዳዶ ጠብቋል፤ ከንፈሩም ታጥፏል። በዚህ ጋራዥ ደግሞ ዳዶ የሚጠብቀው ጎማው ገብቶ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ነው። ሥራው አልቋል። ያለቀን ሥራ ያላለቀ ለማስመሰል የሚደክም ሰው፣ ማለቁን የማያውቅ ሰው ነው።»

ዙሪያውን ቃኘች።

«የእህት ልጁ አክስሉን ራሱ አስገብቷል፤ ያውቃል። ጥይቱ ፍሬን ረግጧል፣ ግቢውን ነድቷል፤ ያውቃል። ከሁሉም በኋላ መጥቶ፣ መሣሪያው ገና እንደተበተነ አይቶ፣ ‹ገና ናቸው› ብሎ የገመተው አንድ ሰው ነው። ኢንጂነር፣ ‹በማስገባት ላይ ሳለ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ኢንጂነሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። «በግምት ሰው ይታሰራል?»

«ሰዓትዎን ያውልቁ።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ የኢንጂነሩን እጅ ያዘ፤ እጅጌው ተሰበሰበ። በሰዓቱ የብረት ማሰሪያ ቀለበቶች መካከል ጥቁር ግሪስ ተጋግሯል፤ አሸዋው ሳይቀር ያብለጨልጫል።

«እጅ በሳሙና ይጠራል» አለች መርማሪዋ። «ምንም አልነካሁም ያለ ሰው ግን ይህን ከየት አመጣው?»

«ለምንድን ነው አጎቴን የሚገድለው?» አለ የእህት ልጁ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል።

መርማሪዋ አክስሉን አንሥታ ካምቢዮ ውስጥ የሚገባውን ጥርሳም ጫፍ አሳየች። ቀጥ ብለው መውረድ የሚገባቸው ጥርሶች እንደ ተፈተለ ገመድ ዞረዋል።

«ጥይቱ፣ ጋሽ ጆሮ ይህን አይተው ምን አሉህ?»

ጥይቱ ወለሉን እያየ ተናገረ። «‹ኳሱን ዕድሜ ይበላዋል፤ ጥርሱን ግን ዕድሜ አይጠመዝዘውም› አሉኝ። ‹የተፈቀደ ሞተር ይህን ብረት አይጠመዝዝም። የውድድር ሜዳው አጥር የተሠራው ለዚህ ፍጥነት አይደለም፤ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ የሰው ልጆች አሉ። አክስሉን ለሾፌሮች ስብሰባ ወስጄ አሳያለሁ።› የሞተሩን ጉልበት ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ሕጋዊ ነው ብሎ የፈረመልኝ እሱ ነው። ደንግጬ ደወልኩለት… ያናግራቸዋል ብዬ ነበር እኮ!»

«አነጋገራቸው» አለች የሟቹ ልጅ።

ኢንጂነሩ በካቴና ሲወጣ አንድ ቃል ብቻ ወረወረ፦ «ለአንድ ግሪሳም ሽማግሌ!» የእህት ልጁ ተወረወረ፤ ሁለት ፖሊሶች በግድ ያዙት። ፍርድ ቤት ቢፈርድበትም ጋሽ ጆሮ ተነሥተው ዳግመኛ የመኪና ድምፅ አይሰሙም።

ፕሬዚዳንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ የደረሰንን መረጃ ነው ያወጣነው። ለቤተሰቡ በግል ቢሮዬ ውስጥ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጉዳዩን በጨዋነት…»

«በግል?» ልጅቷ መግለጫውን ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። «ስድቡን በአደባባይ ለጥፈው ይቅርታውን በጓዳ? እርስዎ እዚህ ደጃፍ አልደረሱም፤ የእህቱን ልጅ አልጠየቁም፤ ሬሳ አላዩም። ገዳዩ በስልክ ነገረዎት፤ እርስዎ ማኅተም መቱበት! ደሃ በራሱ ጥፋት ሞተ ሲባል ማጣራት አያስፈልግም፣ አይደል?»

ፕሬዚዳንቱ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። መርማሪዋ አላዳነቻቸውም፤ ክንዷን አጣጥፋ ቆማ ታያቸዋለች።

«ይቅርታዎን አልፈልግም» አለች ልጅቷ። «በውድድሩ ሜዳ፣ ተመልካቹ ሞልቶ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ይቁሙና ይመልሱልኝ፦ አባቴ ጥንቃቄ የጎደለው ነው ብለው ሲፈርሙ ምን አይተው ነበር? ይናገሩ! ሰው ሁሉ እየሰማ ይናገሩ!»