የቀዝቃዛው ክፍል ደወል

ፕሮፌሰሯ በላብራቶሪው ቀዝቃዛ የደም ናሙና ክፍል ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተው ተገኙ። በቀኝ እጃቸው አንዲት የደም ጠርሙስ ጨብጠዋል። ናሙናዎቹን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አምልጦ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። አየር ሲያንስ የሚጮኸውን ደወል ግን ማንም አልሰማም።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ከበሩ ውጭ ባለው የደወል ማጥፊያ ላይ አጎነበሰች። ኮሪደሩ ለቀለም ሲፋቅ ሰንብቶ ነጭ አቧራ ለብሷል። ማጥፊያው ላይ የጣት ምልክት የለም፤ ሰፋ ብሎ የተጠረገ ክብ ቦታ ብቻ።

«እዚህ ብቻውን የሚገባ አለ?»

«የለም እህቴ» አለ የላብራቶሪው ባለሙያ። «አንዱ ሲገባ አንዱ በር ላይ ይቆማል። እኔ ጓዳ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር።»

«የጨበጡት የማን ደም ነው?»

«የትንሿ ታካሚያችን። ነገ ጠዋት መድኃኒቷ ይሰጣታል።»

«ዛሬውኑ እንደገና መርምርልኝ።»

ፕሮፌሰሯ በሞቱበት ሰዓት ፎቁ ላይ የነበሩት ከባለሙያው ሌላ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ለምርምሩ ገንዘብ የሚሰጡ አሮጊት ነበሩ። ሰውነቱ በሽታ መከላከል አቅቶት በሰባት ዓመቱ የሞተባቸው ልጅ ነበራቸው፤ ፕሮፌሰሯ የሚመሩትን የምርምር ክፍል ያቋቋሙት በእሱ ስም ነው።

«ከፕሮፌሰሯ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ፣ እትዬ።»

«ተጣላሁ እንጂ። መድኃኒቱ ይቆይ አሉኝ። እስከ መቼ? ልጅቷ እኮ የልጄ እኩያ ናት፤ በሽታዋም የእሱ ነው።»

ሌላው የፕሮፌሰሯ ምክትል ነበሩ። በእያንዳንዱ ሕፃን ደም ልክ የሚዘጋጀውን መድኃኒት የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከተሳካ የፕሮፌሰሯን ቦታ ይወርሳሉ።

«ጥንቃቄ ያበዙ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር» አሉ ዶክተሩ። «ነይ፣ ልጅቷን ላሳይሽ።»

እጃቸውን አጣምረው ሁለት በር አሳለፏት። ከመስታወት ግድግዳ ወዲያ አንዲት ቀጭን ልጅ ክርኗን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ዶክተሩም ክርናቸውን አስደገፉላት።

«ሰላምታችን ነው። እዚህ ቤት እጅ አይነካም።»

መርማሪዋ ልጅቷን መልሳ ሰላም ማለት ረሳች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረደች።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ናሙና ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ደወሉን አስጮኸችው።

«እትዬ፣ ያጥፉልኝ።»

አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እንደገና አስጮኸችው፤ ባለሙያው በጓንቱ ጣት አጠፋው። በሦስተኛው ዶክተሩ ፊታቸውን አጨፍግገው በክርናቸው ገፉት። ወዲያው ክንዳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«አዎ፣ በክርን» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷ ጋ ሲመላለሱ በር የሚከፍቱት እንደዚያ ነው። ዛሬ ጠዋትም ፕሮፌሰሯን አስገብተው በር ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት። በሩን ዘግተው ጋዙን ከውጭ ለቀቁት፤ ደወሉ ሲጮኽ አጠፉት። ሰው በጣቱ ቢያጠፋው የጣቱን ምልክት አገኝ ነበር። ካባዎን ከማጠቢያው ቅርጫት አውጥቼዋለሁ። ክርኑ ላይ የኮሪደሩ ነጭ አቧራ አለ።»

«እኔ ለምን ብዬ?»

መርማሪዋ ወደ ባለሙያው ዞረች። እሱ ቀና አላለም።

«ደሙን እንደገና መረመርኩት፤ ጠርሙሶቹ ከዓመት በፊት በስህተት ተቀያይረዋል» አለ። «መድኃኒቱ የተሠራው በሌላ ልጅ ደም ነው። ለእሷ ቢሰጣት አትተርፍም።»

«ፕሮፌሰሯ ደርሰውበታል» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ የገቡት ማስረጃውን ሊያወጡ ነው፤ ያ ከወጣ የዶክተሩ ሥራ ይፈርስ ነበር።»

«ትተርፍ ይሆናል» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። «ምናልባት ትተርፍ ነበር።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደገፉ። «ዶክተሩን ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «በልጄ ስም።»

ፖሊሶች ዶክተሩን ይዘው ወሰዷቸው።

መርማሪዋ ከመሄዷ በፊት መስታወቱ ጋ ተመለሰች። ልጅቷ በግድግዳው ድምፅ ማጉያ ጠየቀቻት።

«ነገ ነው አይደል?»

«ነገ አይደለም፣ እናቴ።»

«መቼ ነው ታዲያ?»

ይህን ሊነግሯት የሚችሉት ፕሮፌሰሯ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አሁን አስከሬን ክፍል ናቸው። ልጅቷ ክርኗን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። መርማሪዋ የጃኬቷን እጅጌ ሰብስባ ክርኗን ከወዲህ በኩል አስጠጋች። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር።