ጧ! ከወንዙ ማዶ

አንድ ወንዝ ነበረ። ክረምት ሲሆን ይሞላና «ሿ... ሿ...» እያለ ይወርዳል።

ከወንዙ ወዲህ የሐመልማል ቤት አለ። ከወንዙ ወዲያ ደግሞ የኪሩ ቤት ነበረ።

ሐመልማልና ኪሩ ጓደኛሞች ናቸው። ክረምት ላይ ግን ወንዙ ስለሚሞላ መሻገር አይችሉም።

ቢሆንም ቡሄ ሲቃረብ ሁለቱም ጅራፍ አላቸው! ጅራፉን ከላይ ዞር ዞር አድርገው ድንገት ሲመልሱት ይጮኻል።

ማታ ማታ ሐመልማል ደጅ ወጥታ ጅራፏን ታጮኻለች። «ጧ!» «አለህ?» ማለቷ ነው።

ኪሩም ከማዶ ይመልሳል። «ጧ!» «አለሁ!» ማለቱ ነው።

አንዳንዴም እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ይጣራል። «ሐሙ! ያንቺ ጅራፍ እኮ ድመት ስታስነጥስ ነው የሚመስለው!»

«ያንተን ደግሞ ዝንብም አይፈራው!» ትላለች ሐመልማል። ከወዲህም ከወዲያም ሳቅ ይሆናል።

አንድ ቀን፣ በበጋ፣ እነ ኪሩ ቤት በር ላይ የጭነት መኪና ቆመ። አልጋው ተጫነ። ቁም ሣጥኑ ተጫነ። የኪሩ ትንሿ በርጩማ እንኳ ሳትቀር ተጫነች።

ሐመልማል ወንዙን በድንጋይ ድንጋዩ ተሻግራ እየሮጠች መጣች። «ወዴት ነው የምትሄዱት?»

«ሩቅ ነው» አለ ኪሩ። «ኮንዶሚኒየም ነው። ብዙ ደረጃ አለው።»

ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ቡሄ ሲደርስ ጅራፍሽን አጩኺ። እመልስልሻለሁ።»

መኪናው ሄደ። የኪሩ ቤት ፈረሰ። ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ቆርቆሮው ላይም ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ።

ሥዕሉ ላይ ደመና የሚነኩ ሕንፃዎች አሉ። ወንዙ ሰማያዊ ነው። ሰዎች ቆንጆ ቆንጆ ልብስ ለብሰው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ።

ሐመልማል ከወዲህ ሆና ሥዕሉን እያየች ትፈልጋለች፣ ትፈልጋለች። «አባዬ፣ ኪሩ የቱ ጋ ነው?»

አባቷም ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየ። «እዚያ ሥዕል ውስጥ የለም፣ የኔ እናት» አለ ቀስ ብሎ።

«ዷ! ዷ! ድርርር!» አሉ መኪኖቹ። ማዶ አንድ ትልቅ ግድግዳ ቆመ። አጠገቡም ከግድግዳው የሚረዝም ቢጫ ክሬን ቆመ።

ዝናብ መጣ። ወንዙ ሞላ። ቡሄ ተቃረበ!

ሐመልማል አዲስ ጅራፍ ገመደች። ዞር ዞር አድርጋ ስትመልሰው ግን «ፍስስ» አለ።

«ጫፉ ወፍሮብሽ ነው» አለ አባቷ። «ጅራፍ ጫፉ ካልቀጠነ አይጮኽም።» ጫፉ ላይ ቀጭን ቃጫ ገመደላት።

ማታ ሐመልማል ደጅ ወጣች። «ጧ!» አለ ጅራፏ።

ጆሮዋን ቀሰረች። ዝም። ወንዙ ብቻ «ሿ... ሿ...» አለ።

«እራት እየበላ ይሆናል» አለች ሐመልማል።

በማግስቱም ወጣች። «ጧ!»

ዝም። ወንዙ ብቻ «ሿ... ሿ...» አለ።

«ደረጃው ብዙ ስለሆነ እየወረደ ይሆናል» አለች።

በሦስተኛው ቀን አባቷን ይዛ እስከ ወንዙ ዳር ወረደች። ከግድግዳው ፊት ለፊት ቆመች። ባላት ኃይል ሁሉ አጮኸችው። «ጧ!»

ከማዶም «ጧ!» አለ።

«ኪሩ! ኪሩ መለሰልኝ!» ሐመልማል ዘለለች። ጭቃው ተፈናጥሮ አባቷን እስከ ጉልበቱ አለበሰው።

አባቷ ግን ጎንበስ አለ። «ሐሙዬ፣ ያ ግድግዳው ነው። ድምፅሽ ሄዶ ግድግዳውን ሲነካ ይመለሳል። የሰማሽው የራስሽን ጅራፍ ነው።»

«እኔ የራሴን አልፈልግም» አለች ሐመልማል። «የኪሩን ነው የምፈልገው።»

ያን ዕለት እራት አልበላም አለች። ጅራፏን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ደጋግሞ አያትና ስልኩን አነሣ። የኪሩ እናት ጋ ደወለ። ከዚያ ስልኩን ለሐመልማል ሰጣት።

«ሐሙ!» አለ ኪሩ። «ለምንድን ነው የማትመልሽልኝ?»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ የማትመልስልኝ!»

«እኔማ ማታ ማታ በረንዳችን ላይ ሆኜ አጮኻለሁ! ትናንትና እንዲያውም የጎረቤታችንን የእትዬ ዘነበችን ብርድ ልብስ ከተሰጣበት ጣልኩት። ጮኹብኝ!»

ሐመልማል ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ አነሰ። «እና የኔ አይሰማህም?»

«አይሰማኝም። የኔስ ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»



«ከበረንዳህ ላይ ምን ይታይሃል?» አለች ሐመልማል።

«ቤት» አለ ኪሩ። «ሌላ ቤት። ሌላም ቤት። ከዚያ በጣም በጣም ሩቅ አንድ ረጅም ነገር አለ። ሲመሽ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ይበራል።»

ሐመልማል ብድግ ብላ መስኮቱን ከፈተች። ማዶ፣ በክሬኑ ጫፍ ላይ፣ ቀይ መብራት ነበረ።

«ኪሩ! አሁን በራ?»

«በራ!»

«አሁን ጠፋ?»

«ጠፋ!»

«በራ!» አሉ አብረው። «ጠፋ! በራ! ጠፋ!»

«የኛ ማዶ ነው!» አለች ሐመልማል። «ቤታችሁ የነበረበት ቦታ ነው!»

ኪሩም ጠየቀ። «እና እኔ ማታ ማታ ሰፈራችንን ነው የማየው?»

«አዎ» አለች ሐመልማል። «እኔም እሱኑ ነው የማየው። የቡሄ ዕለት ማታ መብራቱ መጀመሪያ ሲበራ እኩል እናጩኽ!»

የቡሄ ዕለት ማታ ሐመልማል ወንዙ ዳር ቆመች። አባቷም አጠገቧ፣ ዛሬ ቦት ጫማ አድርጎ።

ጠበቁ። ጠበቁ። መብራቱ በራ!

«ጧ!» አለች ሐመልማል።

«ጧ!» አለ ግድግዳው።

ሐመልማል የግድግዳው መሆኑን ታውቃለች። ግን ልክ አሁን፣ ሩቅ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ኪሩም «ጧ!» እያለ ነው። ይህንንም ታውቃለች።

«የእትዬ ዘነበችን ብርድ ልብስ እንዳትጥል!» ብላ ወደ መብራቱ ጮኸች።

ቤት ገብታ ሙልሙሏን በላች። አልጋዋ ውስጥ ገባች።

«አባዬ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ትልቁ ሕንፃ ሲያልቅ መብራት ይኖረዋል?»

«ይኖረዋል። አናቱ ላይ።»

«እንግዲያው በጣም ረጅም ይሁን» አለች ሐመልማል። «ኪሩ ተኝቶም እንዲያየው።»

አባቷ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበላት። «ለእንቁጣጣሽ እነ ኪሩ ቤት እንሄዳለን።»

«ጅራፌን ልያዝ?»

«ያዢ። ግን መጀመሪያ እትዬ ዘነበችን እናስፈቅዳለን።»

ሐመልማል ፈገግ አለች። በመስኮቱ በኩል መብራቱን አየችው።

በራ። ጠፋ። በራ። ጠፋ።

ዓይኖቿ ቀስ እያሉ ተከደኑ። ወንዙም ከታች «ሿ... ሿ...» አለ።